ለእናት የሚላከው ጎን

ረቡዕ ነበር። ጾም ስለሆነ ከሰፈራችን ከፉትስክሬይ ገበያ ጀርባ ወዳለችው የወይዘሮ ሐን ምግብ ቤት ገብቼ ሩዝ በአትክልት አዘዝኩ። ከፊቴ ባለው ጠረጴዛ ሁለት አረጋውያን ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ነጭ ፀጉራቸውን አሳጥረው የተቆረጡ፣ እንደ ዘብ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ረጅም ሴት ናቸው። ሌላኛው ቀኝ እጃቸውን ከኮታቸው ኪስ የማያወጡ ደንዳና ሽማግሌ ናቸው። ለሁለቱም በሩዝ ላይ የተጠበሰ የጎድን ሥጋ ከነአጥንቱ ቀረበላቸው።

ሰውየው ሹካውን በግራ እጃቸው ይዘው ሥጋውን መጫን ጀመሩ። ሥጋው ይንሸራተታል፣ እሳቸው በሳህኑ ዙሪያ ያሳድዱታል። ሴትዮዋ ቀና ብለው አላዩም። የራሳቸውን ሥጋ ከአጥንቱ ለይተው፣ ለሕፃን እንደሚያጎርስ ሰው አሳንሰው ከተፉት። ከዚያ ድንገት ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መታ አደረጉና፣

«አንተ ሌባ! የያዝከው እኮ የኔን ሳህን ነው። ትልቁን ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«ሥጋው እኩል ነው፣ አንቺ ስግብግብ።»

«እኩል ከሆነማ ምን አስጨነቀህ? አምጣ!»

ሳህኖቹ ተለዋወጡ። ሰውየው የተከተፈውን በሹካ እያነሱ፣ እያጉረመረሙ በሉ። ሴትዮዋ አዲሱን ሥጋ በእጃቸው አንስተው ጋጡት። ማንም ልብ አላለም። እኔ ብቻ አየሁና አንገቴን ደፍቼ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ሰው ለሰው እንዲህ በዘዴ ሲደርስ ያየሁበትን ቀን ከበዓል ነው የምቆጥረው።

የሴትዮዋን ማንነት ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። እኔ የሰፈራችንን የዘማቾች ክበብ አጸዳለሁ። ሽማግሌዎቹ ቢራ የሚጠጡበት፣ ቢልያርድ የሚጫወቱበት፣ በሚያዝያ ደግሞ ለአንዛክ ቀን ጎህ ሳይቀድ ተሰብስበው ሙታናቸውን የሚያስቡበት ቤት ነው። አንድ ጠዋት የመግቢያውን መስታወት ስወለውል እኚያው ሴት ሁለት የአይስክሬም ባልዲ ደራርበው ታቅፈው መጡ። እዚህ አገር ባዶ የአይስክሬም ባልዲ አይጣልም፤ ብስኩትም፣ ምስማርም፣ የዶሮ መኖም ይቀመጥበታል።

«ክፈቺልኝ እስቲ፣ ክንዴ ሊገነጠል ነው» አሉኝ።

ብስኩት መስሎኝ ተቀብዬ ወደ ወጥ ቤት ስዞር፣

«ወዴት? ወዴት? ሰዎች ናቸው እኮ!» ብለው ጮኹብኝ።

ክዳኑን ሲያነሱት በስስ ወረቀት የተጠቀለሉ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ናቸው።

ኖሪን ቲስደል ይባላሉ። አባታቸው ዊመራ በሚባለው የስንዴ አገር የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ። ኖሪን ስንዴውም ሐዲዱም ሰለቻቸውና ባላራት ከተማ ገብተው ነርስነት ተማሩ፤ በሃያ ስድስት ዓመታቸው የጦር ሠራዊት ነርስ ሆነው ቬትናም ዘመቱ። «አባቴ ‹ወታደር ከምታስታምሚ መጠጥ ቤት ብትቀጠሪ ይሻልሻል› አለኝ። ‹መጠጥ ቤትም ብገባ የምደግፈው የወደቀ ወንድ ነው፤ እዚያ ቢያንስ ደመወዙ የመንግሥት ነው› ብዬው ሄድኩ» ይላሉ። ከዘመቻ ሲመለሱ እዚሁ ሰፈር ሆስፒታል ገብተው ጡረታ እስኪወጡ ሠሩ። አላገቡም። ለምን እንዳላገቡ የሚጠይቃቸው ሰው ሲመጣ «አንተስ ለምን አገባህ?» ብለው ስለሚመልሱለት ሁለተኛ የሚጠይቅ የለም።

እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ሲስተር» ነው ያልኳቸው። በኛ አገር ነርስ እንዲህ ትጠራለች ስላቸው ፊታቸው በራ። «በኛም እንደዚያ ነበር። ከዚያ ሁሉም ሰው በስሙ ይጠራ ተባለና ቀረ። አንቺ ግን እንዳትተዪው» አሉኝ።

ያን ጠዋት የክበቡ ጸሐፊ ራልፍ ገና አልመጣም ነበር። ራልፍ ለአንዛክ ቀን ረጅሙን ግድግዳ በሲስተር ፎቶግራፎች ሊሸፍን አስቦ አምጡልኝ ብሎ ለምኗቸዋል። እሱን ስንጠብቅ ሲስተር ፎቶዎቹን በቢልያርዱ ጠረጴዛ አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ጥንድ ጥንድ አድርገው ደረደሯቸው።

በመጀመሪያው ፎቶ አንድ ጎረምሳ አልጋ ላይ ተቀምጦ ይስቃል። ፀጉሩ በውሃ ተበጥሯል። አጠገቡ ግራጫ ቀሚስ የለበሱ፣ ነጭ ሻሽ ያሰሩ ወጣት ሲስተር ኖሪን ክንዳቸውን በትከሻው ላይ ጣል አድርገዋል። በሁለተኛው ፎቶ ያው ልጅ በዚያው አልጋ ላይ ነው። አሁን አይስቅም። ፋሻው የተፈታ ቀኝ እጁን ወደ ካሜራው ዘርግቷል። መዳፉ ላይ ጣት የለም።

«ይሄኛው ለእናት የሚላከው ጎን ነው» አሉ ሲስተር፣ የሚስቀውን እየነኩ። «ይሄኛው ደግሞ የራሱ ነው።»

ነገሩን ሲያስረዱኝ ወለል መወልወሉን ረስቼ ቆምኩ። ሆስፒታሉ ቩንግ ታው በሚባል ቦታ፣ ባሕር ዳር አሸዋ ላይ የተተከለ ነበር። ቁስለኛ በሄሊኮፕተር ከነጭቃው ይመጣል። ወሬው ወደ አገር ቤት ሲተላለፍ መኮንን ሄዶ የእናቱን በር ያንኳኳል። «ልጅሽ ቆስሏል» ተብላ የተነገራት እናት ልጇን እስክታየው ድረስ ምን ምን እንደምታስብ ልጆቹ ያውቃሉ። ስለዚህ ትንሽ ነፍስ ሲዘሩ መጀመሪያ የሚለምኑት «ሲስተር፣ ለእማማ ፎቶ አንሺኝ» ብለው ነው። ሲስተር ከአሜሪካኖቹ ሱቅ የገዙት ትንሽ ካሜራ ነበራቸው፤ ራሳቸው ፎቶው ውስጥ ሲገቡ አንዱ አስታማሚ ያነሳላቸዋል። ፊልሙን የራጅ ክፍሉ ልጅ ቢራ እየተከፈለው ያጥባል።

«ትራስ ከኋላው እደግፋለሁ። የግሉኮሱን ጠርሙስ ሌላ ሰው ከፎቶው ውጭ ቆሞ ይይዛል። ፀጉሩን አበጥራለሁ። ግን መጀመሪያ ‹ፀጉርህን በየት በኩል ነው የምትከፍለው?› ብዬ እጠይቃለሁ። እናቱ ታውቃለቻ! በተሳሳተ በኩል ከከፈልኩት ሌላ ሰው እንዳበጠረው ይገባታል፤ ከዚያ እጁ የት ሄደ ብላ ትፈልጋለች።»

«ክንድዎን በትከሻው ላይ ያደረጉትስ?»

«ፍቅር መሰለሽ? ካልያዝኩት ይወድቃል።»

ሁለተኛውን ፎቶ ያስጀመሯቸው እዚህ ፎቶ ላይ እጃቸውን የዘረጉት ልጅ ናቸው። ሌስተር ማክነልቲ ይባላሉ፤ ከዓመታት በኋላ በወይዘሮ ሐን ምግብ ቤት ሥጋ ሲያሳድዱ ያየኋቸው ሽማግሌ ማለት ናቸው። የእናታቸው ፎቶ ከተነሳ በኋላ «አሁን ደግሞ ይሄንን አንሺ ሲስተር። ነገ አንዱ ተነስቶ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም ይላል» አሏቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲስተር እያንዳንዱን ልጅ «ሁለተኛውን ላንሳ ወይ?» እያሉ ጠየቁ።

«እምቢ ያለኝን አላነሳሁም። እሺ ላሉኝ ዘጠኝ ልጆች ግን ቃል ገብቻለሁ። አንድ ቀን ሰው በሚያልፍበት ግድግዳ ላይ፣ ሁለቱንም ጎናችሁን ጎን ለጎን እሰቅለዋለሁ ብያቸዋለሁ። ይሄን ሁሉ ዘመን ግድግዳ የሚሰጠኝ ስፈልግ ኖሬ እነሆ ራልፍ መጣ።»

ራልፍ የኔ እኩያ ነው። ጦርነት አላየም፤ አባቱ ናቸው ያዩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ የክበቡን ቁልፍ ያለ አንዳች ጥያቄ በእጄ ያስቀመጠ እሱ ነው። ፎቶዎቹን ተቀብሎ፣ አስተልቆ፣ በጥሩ ክፈፍ አድርጎ ሰቀላቸው። የሰቀላቸውን ሲስተር እንዲያዩለት በአንድ እሑድ ከሰዓት ጠራቸው።

ሲስተር ሜዳሊያዎቻቸውን ደርድረው መጡ። ገና በሩ ላይ አንድ ቢራ የያዙ ሽማግሌ በትሕትና አስቆሟቸው። የራስ ሜዳሊያ በግራ ደረት፣ የባልና የአባት በቀኝ መሆኑን እዚህ አገር ሕፃንም ያውቃል።

«እመቤቴ፣ የባልዎን ሜዳሊያ በተሳሳተ ጎን ነው ያደረጉት።»

«ባል የለኝም። በግራ ያደረግኩት የራሴ ስለሆነ ነው። ዓይንህን ያከመህ ማን ነው? ተመልሰህ ሂድበት፣ አልዳንክም» ብለዋቸው አለፉ።

ግድግዳው ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ከላይ በትልቁ «ፈገግታ በጦር ሜዳ» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ዘጠኝ ፎቶ አለ። ዘጠኙም ለእናት የሚላከው ጎን ነው፤ ዘጠኙም ይስቃሉ። ሁለተኞቹ የሉም። ሲስተር መነጽራቸውን አድርገው ከሌስተር ፎቶ ሥር ያለችውን ወረቀት ጮክ ብለው አነበቡ።

«‹ነርስ ኖሪን ከፍቅረኛዋ ጋር።›»

ከዚያ ሲስተር ሳቃቸውን ለቀቁት።

«ሌስተር? ሌስተር ፍቅረኛዬ? ራልፍ፣ ይሄ ሰው ያን ቀን ሁለት ጊዜ አስታውኮብኛል!»

«በትከሻው ላይ እጅዎን አድርገው ሳይ እኔ...» ራልፍ ጆሮው ቀላ።

«ዘጠኙንም እኮ በትከሻቸው ይዣቸዋለሁ! ዘጠኝ ፍቅረኛ ነበራት ልትል ነው?»

«እንበል እንጂ!» አለ አንዱ ከመጠጥ መደርደሪያው በኩል። ሌሎቹ ሳቁ። ሲስተር ግን ሳቃቸውን ጨርሰው ነበር።

«ሌሎቹስ የት አሉ?»

«ሲስተር፣ የትምህርት ቤት ልጆች ይመጣሉ። ቤተሰቦች ይመጣሉ። እነዚያን ማሳየት አንችልም።»

«ቃል ገብቻለሁ አላልኩህም?»

«ብለውኛል። ግን ቅር አይበልዎትና፣ እርስዎ ራስዎ ደብቀውት የለም? ለእናቶቻቸው መልካም መልካሙን የላኩት እርስዎ ነዎት። እኔም ያደረግኩት ያንኑ ነው።»

ሲስተር ወደ ራልፍ ተጠጉ። ድምፃቸውን አልጨመሩም፤ ቀነሱ እንጂ።

«ለእናታቸው የደበቅኩት ልጆቹ ደብቂልን ስላሉኝ ነው። ሁለተኛውን ያነሳሁት ልጆቹ አሳዪልን ስላሉኝ ነው። ቁስሉ የነሱ ነው፣ መደበቁም ማሳየቱም የነሱ ነው። አንተን ማን ጠየቀህ?»

ራልፍ ወደ ግድግዳው ዞሮ «መጋረጃ ብናደርግበትስ? ማየት የፈለገ ገልጦ ያያል» አለ።

«መጋረጃ ለመታጠቢያ ቤት ነው። እነዚህ ልጆች የሚያሳፍር ሥራ አልሠሩም። ሁለቱም ይሰቀላሉ፣ ወይም ምንም አይሰቀልም።» ይህን ብለው የሌስተርን ክፈፍ ከነጽሑፉ ከምስማሩ አውርደው በብብታቸው ያዙት። በሰባ ሦስት ዓመታቸው ያን ከባድ ክፈፍ እንዴት እንዳነሱት እግዚአብሔር ያውቃል።

የክበቡ ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ገሚሱ ልክ ናት አለ፣ ገሚሱ በአንዛክ ቀን ቁስል አንይ አለ። በመጨረሻ ራልፍ አንድ ነገር ወሰነ። በሕይወት ያለው ራሱ እሺ ካለ፣ ለሞተው ደግሞ የቅርብ ቤተሰቡ እሺ ካለ ሁለቱም ጎን ይሰቀላል፤ አንድ ሰው እንኳ እምቢ ቢል ግን የዚያ ሰው ፎቶ ጭራሽ አይሰቀልም። ሲስተር ጥርሳቸውን ነክሰው «ይሁን፣ ይሄ ፍትሕ ነው» አሉ።

ሁሉም ከሄደ በኋላ ወለሉ ላይ የፈሰሰ ቢራ ስጠርግ አንድ ነገር ታሰበኝ። ጌታችን ከሙታን ተለይቶ ሲነሣ የችንካሩን ምልክት ከእጁ ማጥፋት ይችል ነበር፤ አላጠፋውም። ቶማስን «ጣትህን ወዲህ አምጣና እጆቼን እይ» አለው። ማንም አስገድዶት አይደለም፤ ራሱ ፈቅዶ ነው ያሳየው። የሲስተር ነገር ከዚያ ወዲያ ይበልጥ ገባኝ፤ ለሲስተርም ነገርኳቸው። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ለቀብር ብቻ ነው። «የናንተ ጌታ ከራልፍ የተሻለ ሰው ነው» አሉኝ። ተሳቅቄም ቢሆን ሳቅኩ።

የመጀመሪያው እሺታ ከሌስተር እንደሚመጣ ማንም አልተጠራጠረም። በሚቀጥለው ረቡዕ ሲስተር እኔንም ጋብዘውኝ በወይዘሮ ሐን ቤት ተገናኘን። ሲስተር ጉዳዩን ነግረው ሲጨርሱ ሌስተር ሹካቸውን ሩዙ ላይ አስቀመጡ።

«ሲስተር፣ ያኔ እኮ ሃያ ዓመቴ ነበር። ጎረምሳ ሆኜ ደፋር ነበርኩ። አሁን የልጅ ልጆች አሉኝ። ትንሿ ይቺን እጄን አይታት አታውቅም። ‹አያቴ ሁልጊዜ ይበርደዋል› ነው የምትለው፣ ከኪሴ ስለማላወጣት።»

ሲስተር ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጡም። ውሃቸውን ተጎነጩና፣

«እጁ ያንተ ነው ሌስ። አይሆንም ካልክ አይሰቀልም። አንድም ቃል አልጨምርም» አሉ።

«ተቀየምሽኝ?»

«ብቀየምህ ኖሮ ሥጋህን ከነአጥንቱ ትበላ ነበር።»

ሌስተር ፈገግ አሉ። ቀጥለው «ራልፍ የኔን መልካሙን ጎን ሰቅሎት ነበር አልሽ አይደል? ምን ይመስላል?» ብለው ጠየቁ። ሲስተር ክፈፉን ከከረጢታቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አቆሙት። ሌስተር ራሳቸውን አዩ፣ ሲስተርን አዩ፣ ከዚያ ጽሑፉን አነበቡ። መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው አንገታቸው እስኪቀላ ሳቁ፤ ሩዝ ትን አላቸው።

«ፍቅረኛ! ጆይስ ትገድለኛለች! ሚስቴን አታውቂያትም እንዴ? አርባ ዓመት ሙሉ ‹ያቺ ነርስህ› እያለች ነው የምትኖረው!»

«እውነቱን ንገራታ። ሳስታውክ የያዘችኝ ናት በላት።»

«ስንት ጊዜ ነገርኳት! የኔን ቃል ታምናለች ወይስ የክበቡን ግድግዳ?» ዓይናቸውን በግራ እጃቸው ጠረጉ። ሳቁ ቀስ እያለ ከፊታቸው ወረደ። ፎቶው ላይ ያለውን ልጅ ደግመው አዩት፤ ቀኝ እጁ ከሲስተር ቀሚስ ጀርባ ተደብቆ አይታይም። «እማማ ይሄን ፎቶ ፒያኖው ላይ አድርጋው ነበር፣ ታውቂያለሽ? አውሮፕላን ጣቢያ ልትቀበለኝ ስትመጣ ለመጨበጥ እጇን ዘረጋችልኝ። ቀኝ እጇን። ያን ጊዜ ነው ያወቀችው። እቤት ስንደርስ ፎቶውን አንስታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም።»

ሌስተር ቀኝ እጃቸውን ከኪስ አወጡና ከሳህናቸው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። በአደባባይ ሲያደርጉት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ወይዘሮ ሐን ሾርባ ይዘው ሲያልፉ አዩት፤ ፊታቸው አልተለወጠም።

«ሥጋ ልቁረጥልህ?» አሏቸው።

«አንቺም ደግሞ ጀመርሽ? ነርስ አንድ ይበቃኛል!»

ከዚያ ወደ ሲስተር ዞሩ። «ሁለቱንም ስቀይ። ትንሿን ራሴ ይዣት እመጣለሁ። ፍቅረኛ የሚለውን ግን ለራልፍ መልሰሽ አብዪው።»

ከዚያ በኋላ ሥራው ስልክ ሆነ። ሲስተር ቤታቸው ሽቦው የተጠማዘዘ የድሮ ስልክ አላቸው፤ እሱ አጠገብ ተቀምጠው የጠፉትን ሰዎች አንድ በአንድ አፈላለጉ። ከኩዊንስላንድ አንዱ «ገና ነው እንዴ የምትሰቅይን? ሞተሽ መስሎኝ ነበር» ብለው ተሳለቁባቸው። የአንዱ ሚስት አለቀሱ፤ ከዚያ «የፎቶውን ቅጂ ላኪልኝ» አሉ። አንዱ ስማቸው እንዳይጻፍ ጠየቁ፤ ሲስተር ተስማሙ። የሞቱት ልጆች ወንድሞችና ልጆች እሺ አሉ። ራልፍ እሺታው በገባ ቁጥር ሁለተኛውን ፎቶ ከመጀመሪያው ጎን ሰቀለ። ምስማሩን ሲመታ እያየሁት ነበር፤ መጀመሪያ ፊቱን ያዞር ነበር፣ በኋላ ግን ቆሞ እያየ ክፈፉን ማስተካከል ጀመረ። «አባቴም እንዲህ ያለ አንድ ፎቶ ቢኖረው ኖሮ» አለኝ አንድ ቀን። ከዚያ ቀጣዩን ምስማር አነሳ።

አንድ ሰው ቀረ። ራስል ዊትከም።

ራስል የባላራት ልጅ ነበር። ያን ጊዜ ወጣቶችን ለዘመቻ የሚመርጡት በልደት ቀን ዕጣ ነበር፤ የልደት ቀኖችን የሚወክሉ ቁጥር ያላቸው ጠጠሮች ከበርሜል ይወጣሉ፣ ቀንህ ከወጣ ትሄዳለህ። «በሕይወቴ አንድ ጊዜ ዕጣ ደረሰኝ፤ እሱም ይሄው ነው» ይል ነበር አሉ። የረገጠው ፈንጂ ሁለት እግሩን ቆርጦ ወሰደበት። ለእናቱ ከደረቱ በላይ ሆኖ፣ ጥርሱን ገልጦ ተነሳ። ሲስተር ሁለተኛውን ላንሳ ወይ ሲሉት ብርድ ልብሱን ራሱ ገለጠና «ይሄኛውን ደግሞ ለላኩኝ ሰዎች አሳዪልኝ» አላቸው። ብዙም አልቆየ፤ ቁስሉ መርዞ ገደለው። የሞቱን ወሬ ይዞ የሄደው መኮንን ከፖስታው ቀደመ። ለእናቱ የተላከው የሚስቀው ፎቶ ባላራት የደረሰው ከሞቱ ወሬ በኋላ ነው። እናቱ ልጄ አልሞተም፣ ተሳስታችኋል እያሉ ፎቶውን ይዘው ከቢሮ ቢሮ ሲዞሩ እንደነበር ለሲስተር የነገራቸው የጦሩ ቄስ ነበር።

ሲስተር ከዚያ ወዲህ ባላራትን ረግጠው አያውቁም። የተማሩባት ከተማ ናት፤ በባቡር አንድ ሰዓት ነው።

ራልፍ ያዘነላቸው ይመስለኛል። ከአንዛክ ቀን በፊት ባለው ሳምንት ሲስተርን ለብቻቸው አነጋገራቸው።

«ስምንቱ ተሰቅሏል ሲስተር። ግድግዳው ሞልቷል፣ ያምራል። ዘጠነኛውን ብንተወውስ? እናትየው ዘጠና ሦስት ዓመታቸው ነው። ማንም አይወቅስዎትም።»

«ራስልን ትቼ ስምንቱ ብቻቸውን አይቀሩም።»

«እምቢ ቢሉስ?»

«እምቢ ካሉ እምቢታቸውን ከአፋቸው ሰምቼ እተወዋለሁ። ሳልጠይቅ ግን አልተወውም። አንተ ዝም ብለህ ምስማሩን ምታና ጠብቀኝ።»

ራልፍ ምስማሩን መታ። በስምንቱ ጥንድ መጨረሻ ሁለት ባዶ ምስማሮች ጎን ለጎን ተተክለው ቀሩ። ሲያልፍ ያያቸው ሁሉ ምን ሊሰቀል ነው እያለ ይጠይቅ ነበር።

ያን ዕለት ሥራዬን ጨርሼ በጓሮው በር ስወጣ ሲስተር ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፖስታ ጭናቸው ላይ ይዘዋል። በውስጡ ሁለቱ የራስል ፎቶዎች እንዳሉ አውቄያለሁ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አረጋውያን ማረፊያው ጋ ደውዬ ነበር» አሉ። «ሴትዮዋ አእምሮዋ ንጹሕ ነው አሉኝ። የልጇ ነርስ ነበርኩ ስላቸው ሄደው ነገሯት። ‹ትምጣ› ብላለች። አንድ ቃል ብቻ፣ ‹ትምጣ›። ተቆጥታ ይሁን ደስ ብሏት ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ መናገር አልቻለችም።»

«ጥሩ ነዋ ሲስተር፣ በሩ ተከፈተ ማለት ነው።»

«አንቺ ሁልጊዜ በሩ ተከፍቷል ነው የምትዪው።» ፖስታውን ገለበጡት፣ መልሰው ገለበጡት። «ፈንጂ ሲፈነዳ አልሸሸሁም ትርሲት። ከጄኔራል ጋር ተጨቃጭቄያለሁ። ይሄን ራልፍን ያደረግኩትን አይተሻል። ያቺን ሴትዮ ግን እፈራታለሁ። የዛሬዋን አይደለም፣ ያን ፎቶ ይዛ ከቢሮ ቢሮ የዞረችውን ነው የምፈራው። ያን ፀጉር ያበጠርኩት እኔ ነኝ።»

እጃቸውን ያዝኩት። አላስለቀቁኝም።

«መኪናሽ ይሠራል?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ይሠራል፤ ዳገት ላይ ትንሽ ቢጮህም።»

«እሑድ ከቅዳሴሽ ስትወጪ ባላራት አድርሺኝ። ነዳጁን እኔ እሞላለሁ። ሌላም ልለምንሽ ነው፤ እምቢ እንዳትዪኝ። እዚያ ስንደርስ መኪና ውስጥ አትቅሪ። በሩን ሳንኳኳ ከኋላዬ ጠጋ ብለሽ ቁሚ። ልመለስ ብዬ ብዞር፣ እባክሽ፣ መንገድ እንዳትለቂልኝ።»